የኢም ሰበካ በቸነፈር ዘመን

በእንግሊዝ አገር መካከል፣ ዳርቢሻየር በተባለው አውራጃ፣ የኖራ ድንጋይ በበዛበት ደጋ ላይ ኢም የምትባል መንደር አለች። ዐፄ ፋሲለደስ በጎንደር በነገሡበት ዘመን፣ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1660ዎቹ፣ የዚች መንደር ሰዎች እኩሌቶቹ በግ የሚያረቡና መሬት የሚያርሱ፣ እኩሌቶቹም ከተራራው ሆድ የእርሳስ ማዕድን እየቆፈሩ የሚኖሩ ድኾች ነበሩ፤ በ1665 እና በ1666 ያ የታወቀው መቅሠፍት ባይደርስባቸው ኖሮ፣ ከጥቂቶቹ ባለርስቶች በቀር የአብዛኞቹን ስም ከሰበካቸው መዝገብ ውጭ የሚያስታውሰው ባልተገኘም ነበር።

መንደሪቱ በዚያን ጊዜ በአንድ ልብ የምትኖር አልነበረችም። ንጉሡና ፓርላማው ተጣልተው አገሪቱን ለሁለት የከፈሉበት ጦርነት ካለፈ ገና ብዙ ዘመን አልሆነም ነበርና፣ ቂሙ ከቤተ መንግሥት አልፎ እስከ ገጠር ደብር ድረስ ወርዶ ነበር። ዳግማዊ ቻርልስ በ1660 ወደ አባቱ ዙፋን ከተመለሰ በኋላ፣ በ1662 ካህናት ሁሉ በታዘዘው መጽሐፈ ጸሎት ብቻ እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ ይህን አንቀበልም ያሉ 2,000 ያህል ካህናትም በየጊዜው ከየደብራቸው ተባረሩ። ከነዚህ አንዱ ምእመናኑ የሚወዱት የኢም ካህን ቶማስ ስታንሊ ነበር። በ1664 በዚሁ ደብር የተሾመው ዊልያም ሞምፐሰን ደግሞ በካምብሪጅ የተማረ፣ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ፣ ሚስቱን ካትሪንንና ሁለት ሕፃናት ልጆቹን ይዞ የመጣ ወጣት ነው። መንደርተኛው አዲሱን ካህን እንደ እንግዳ ተመለከተው፤ የቀድሞውም ካህን ሹመቱን ቢነጠቅም ከአካባቢው ርቆ አልሄደም ነበርና፣ ብዙ ሰው ለልቡ ጭንቀት ምክር የሚጠይቀው ከሱ ዘንድ ነበር። በጥቅምት 1665 ፓርላማው እንዲህ ያሉት የተባረሩ ካህናት ከቀድሞ ደብራቸው አምስት ማይል ያህል እንዲርቁ የሚያዝ ሌላ ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ ስታንሊ በኢም መቀመጡ ራሱ በሕግ ፊት በደል ሆነ።

በዚያው ዓመት በበጋው ቸነፈር በሎንዶን ላይ ወርዶ ነበር። የከተማይቱ አጥቢያዎች በየሳምንቱ የሚያወጡት የሙታን ቍጥር ዓመቱ ሲያልቅ ተደምሮ በቸነፈሩ የሞተውን ወደ 70,000 አድርሶታል፤ ሳይቈጠር የቀረው ሲታሰብ ግን 100,000 ሳይደርስ አይቀርም ይባላል። በነሐሴ መጨረሻ ግድም፣ አሌክሳንደር ሐድፊልድ ለሚባል የኢም ልብስ ሰፊ ከሎንዶን አንድ ሣጥን ጨርቅ ተላከለት። ሣጥኑን የከፈተው ጆርጅ ቪካርስ የሚባል ረዳቱ ነው፤ ጨርቁ ርጥበት ነክቶት ስላገኘው ዘርግቶ በእሳቱ ፊት አሰጣው። እንግዲህ በእጥፋቱ መካከል የተሸሸገው ቁንጫ በሙቀቱ ተነቃቅቶ ወጣ ነው የሚባለው። ቪካርስ በጥቂት ቀን ውስጥ በብርቱ ንዳድ ተይዞ፣ አንገቱና ብብቱ አብጦ ሞተና ሴፕቴምበር 7 ቀን ተቀበረ። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ደዌው ከተበላሸ አየር ወይም ከከዋክብት አካሄድ የሚመጣ፣ ካህናቱም ከአምላክ ቍጣ የተላከ መሆኑን ያስተምሩ ነበር እንጂ፣ ተሐዋስያኑን አሌክሳንደር ያርሲን በሆንግ ኮንግ በአጉሊ መነጽር ያየው በ1894 ነው። ስለዚህ የኢም ሰዎች ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ያደረጉት የጠላታቸውን መልክ ሳያውቁ ነው።

ከቪካርስ ቀጥሎ ከተቀመጠበት ቤት ልጆች፣ ከዚያም ከጎረቤት ቤቶች ሰው ይሞት ጀመር። በኦክቶበር ወር ብቻ ከ20 በላይ ሰው ተቀበረ። ብርዱ ሲበረታ ሕመሙ ጋብ አለ፤ በየወሩ የሚሞተው በጣት የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ የጸደዩ ወራት ሲገባ ብዙዎች መቅሠፍቱ አለፈ ብለው ተጽናንተው ነበር። ይሁን እንጂ ባለጸጎቹ ተስፋን አላመኑባትም፤ ፈረስና ሌላ ቤት ያለው ቤተ ሰቡን ጭኖ ሄደ፣ ሌላውም ልጆቹን ከዘመድ ዘንድ አስቀመጠ፣ አንዳንዱም በተራራው ጥግ ጎጆ ቀልሶ ከሰው ተለየ። የእርሳስ ቆፋሪው ግን ወዴት ይሂድ? ሀብቱ አንዲት ላምና የጉድጓዱ ድርሻ ናት፤ ከቸነፈር አገር የመጣ እንግዳንም በሩን ከፍቶ የሚቀበለው መንደር አልነበረም። ከኢም ወደ ታይድዝዌል ገበያ የወጣች አንዲት ሴት ከየት እንደ መጣች በታወቀባት ጊዜ በድንጋይና በጭቃ ተወግራ መመለሷን የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ ይተርካል። ስለ ኢም የጻፉት ብዙ ሰዎች ይህን ነገር በሹክሹክታ አልፈውት መላው መንደር በፈቃዱ መሥዋዕት እንደ ሆነ አድርገው ያወሩታል፤ እኔ ግን ፈቃዱና ግዳጁ ተደባልቀው እንደ ነበሩ ሳይሸሸግ መነገሩን እመርጣለሁ፤ የሰዎቹ ክብር በዚህ አይቀንስምና።

ጁን 1666 ሲገባ ሞቱ እንደ ገና ተነሣ፤ የቀረውም ሰው ለመሸሽ ጓዙን ይጠቀልል ጀመር። ካትሪን ባሏን ከልጆቻቸው ጋር እንሂድ ብላ በእግሩ ወድቃ ለመነችው፤ እሱም መንጋዬን ትቼ አልሄድም፣ አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ አላት። በመጨረሻ ልጆቹ ብቻ ወደ ዮርክሻየር ተልከው እሷ ከባሏ ጋር ቀረች። ሞምፐሰን ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ለወጣትና ለተማረ ሰው ቀላል አልነበረም፤ ሕዝቡ የሱን ቃል ብቻ ሰምቶ እንደማይታዘዝለት ስላወቀ፣ ሕግ ወደ ከለከለው ወደ ስታንሊ ሄዶ እርዳኝ አለ። ሽማግሌው ካህን ስለ ተነጠቀው ደብር አንዳች ሳያነሣ እሺ አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ለሕዝቡ የተናገሩትን ቃል በዚያን ዕለት የጻፈው የለም፤ የውሳኔው ፍሬ ነገር ግን ታውቋል። አንደኛ፣ የሞተ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ መቀበሩና ለቀብር መሰብሰቡ ቀርቶ፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ሙታኑን በጓሮው ወይም በእርሻው እንዲቀብር፤ ሁለተኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ጸሎቱ በሜዳ እንዲሆን፤ ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው፣ ቸነፈሩ እስኪጠፋ ድረስ ከመንደሩ ወሰን ማንም እንዳይወጣ፣ ወደ ውስጥም ማንም እንዳይገባ።

ይህን ሦስተኛውን ለመመዘን የከተሞቹን ሥርዓት ማሰብ ይበቃል። በሎንዶን ሕመም የገባበት ቤት ጤነኛው ከበሽተኛው ጋር 40 ቀን ይዘጋበታል፤ በበሩ ቀይ መስቀል ተሥሎ ዘበኛ ይቆምበታል። ከ1604 ጀምሮ በጸናው ሕግም ቍስሉን ይዞ ከተከለከለበት ቤት ወጥቶ በሰው መካከል የተገኘ በሞት ሊፈረድበት ይችል ነበር። በኢም ግን ዙሪያውን የሚጠብቅ ጦር አልነበረም፤ ሁለቱ ካህናት አንድ ቃል ተናገሩ፣ የሰበካው ሰው ተቀበለ፣ ተራራማውን ወሰን ተሻግሮ በሌሊት ማምለጥ ለእረኛና ለማዕድን ቆፋሪ ምንም የማያስቸግር ሲሆን አብዛኛው በቤቱ ቀረ። አንዳንድ የዛሬ ታሪክ ጸሓፊዎች ይህ ትረካ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በባለቅኔዎችና በአገሬው ጸሓፊዎች እጅ ያጌጠ ነው ብለው ይጠራጠሩታል፤ በእውነትም ብዙው ነገር ከአባት ወደ ልጅ በቃል የወረደ ነው። የሞምፐሰን ደብዳቤዎችና የሰበካው መዝገበ ሙታን ግን በቂ ምስክሮች ናቸው።

የተዘጋ ሕዝብ መብላት አለበት። ሞምፐሰን ከመንደሩ ጥቂት ማይል ርቆ በቻትስወርዝ ለሚቀመጠው ለዴቮንሻየር ኧርል ለዊልያም ካቨንዲሽ ጻፈ፤ ኧርሉም ሰዎቹ ከወሰናቸው ካልወጡ ምግብና መድኃኒት እልካለሁ ብሎ ቃሉን ሰጠ፣ ጠበቀውም። ከዚህ ሌላ የጎረቤት መንደሮች ሰዎች በበኩላቸው እንጀራቸውን፣ ሥጋቸውንና ሌላውን አስፈላጊ ነገር ሁሉ በወሰኑ ላይ እያስቀመጡ ይሄዱ ነበር። በኢምና በጎረቤቷ መንደር በስቶኒ ሚድልተን መካከል፣ በግጦሹ ሜዳ ላይ እስከ ዛሬ የሚታይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ በላዩ ስድስት ጉድጓዶች ተፈልፍለውበታል። የኢም ሰው የሚከፍለውን ገንዘብ በነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ በኮምጣጤ ነክሮ ይተወዋል፤ ከወዲያ ያለው ሰው ማልዶ መጥቶ ዕቃውን ያስቀምጥና ገንዘቡን ያነሣል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት አይተያዩም። በስተ ሰሜን በኩል ደግሞ በመንገዱ ዳር ባለች አንዲት ምንጭ፣ ዛሬ የሞምፐሰን ጉድጓድ በምትባለው፣ ገንዘቡ በሚፈስ ውሃ ይታጠብ ነበር። ቁንጫውን ያላወቁት እነዚህ ሰዎች እጅ ከእጅ እንዳይነካካ መጠንቀቃቸው የሚያስገርም ነው። ከዚያም የበለጠ የሚያስገርመኝ፣ ስማቸው በየትም ሳይጻፍ በየጧቱ ሸክማቸውን ተሸክመው ወደ ሞት ድንበር ይመላለሱ የነበሩት የስቶኒ ሚድልተን ጎረቤቶች ነገር ነው፤ ስለ ኢም በጎነት ብዙ መጻሕፍት ሲጻፉ ለነሱ የተረፈላቸው ያቺ ድንጋይ ብቻ ናት።

እሑድ እሑድ ሕዝቡ ከክሌት ዴልፍ በሚባል ገደላማና አረንጓዴ ሸለቆ ይሰበሰባል። የኖራ ድንጋዩ ዐለት በአንድ በኩል እንደ በር ክፍት ሆኖ ስለሚገኝ፣ ሞምፐሰን በዚያ ቆሞ ይሰብካል፤ ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ ተራርቆ በሣሩ ላይ ይቀመጣል። በየሳምንቱ ባዶ የሚቀረው ስፍራ እየሰፋ ሄደ። በጁላይ ከ50 በላይ፣ በኦገስት ከ70 በላይ ሰው ሞተ።

ራይሊ በተባለው፣ ከመንደሩ ወጣ ብሎ በኮረብታ ላይ ባለው እርሻ ኤልሳቤጥ ሐንኮክ የምትባል ሴት ከባሏና ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። በኦገስት መጀመሪያ ላይ በስምንት ቀን ውስጥ ስድስት ልጆቿና ባሏ አለቁባት። ጎረቤት ቀርቦ አልረዳትም፤ ሊቀርብም አይችልም ነበር። ጉድጓዱን በእጇ እየቆፈረች፣ ሬሳው እንዳይነካት በእግሩ ላይ ጨርቅ አስራ እየጎተተች ሰባቱንም በእርሻው ቀበረች፤ ከወዲያኛው ኮረብታ የስቶኒ ሚድልተን ሰዎች ቆመው ይመለከቱ ነበር ይባላል። እሷ ራሷ አልታመመችም። በሸፊልድ ከተማ ሥራ ሊማር የሄደ አንድ ልጅ ተርፎላት ነበርና ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ወደ እሱ ሄደች። መቃብሮቹ በዝቅተኛ የድንጋይ ክብ ታጥረው እስከ ዛሬ በዚያው ኮረብታ ላይ ናቸው።

እንደ ሐንኮክ ጉልበትና ቆራጥነት የሌለው ቤተ ሰብ ግን ሙታኑን የሚቀብርለት ይፈልግ ነበር። ለዚህ ሥራ የተነሣው ማርሻል ሃው የሚባል ቁመተ ረጅም የእርሳስ ቆፋሪ ነው። በወረርሽኙ መጀመሪያ ታሞ ተፈውሶ ስለ ነበረ ዳግመኛ አልያዝም ብሎ አመነ፤ ሌላው በሩን ዘግቶ ሲጸልይ እሱ አካፋውን ተሸክሞ በየደጃፉ ዞረ። ለድካሙ ዋጋ የሚወስደው ከሟቹ ቤት ያገኘውን ልብስና ዕቃ ነበር፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ ያለቀበት ቤት ሲያጋጥመው ከልካይ የለውም። ስለዚህ ሕዝቡ በአንድ በኩል ይፈልገዋል፣ በሌላ በኩል ይጸየፈዋል። አንድ ቀን የሞተ የመሰለውን ሰው ከመኝታው አንሥቶ በጫንቃው ተሸክሞ ደረጃውን ሲወርድ፣ ሰውየው ድንገት ትኩስ መጠጥ ስጡኝ ብሎ ጮኸ፤ ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሮ ይጠብቀው ነበርና ሃው ሸክሙን ጥሎ ወጣ፣ ሰውየውም ዳነ ብለው ይተርካሉ። በዚያው በኦገስት የሃው ሚስትና ልጁ ሞቱ። ከሙታን ልብስ ጋር ደዌውን ወደ ገዛ ቤቱ ያስገባው ራሱ ነው ብለው ሰዎች ፈረዱበት፤ እሱም በዚህ ነገር ብዙ እንደ ተጸጸተ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የኢም እናቶች የሚያስቸግር ልጃቸውን ማርሻል ሃው ይመጣብሃል እያሉ ያስፈራሩ ነበር። የዚህ ሰው ነገር ለኔ ከቅዱሳን ገድል ይልቅ የሚታመን ነው፤ ስስትና ድፍረት በአንድ ሰው አድረው፣ እሱ ባይኖር ሬሳ በየቤቱ ይቀር እንደ ነበረ ሊካድ አይቻልም።

ካትሪን ሞምፐሰን በየቤቱ እየዞረች ሕሙማንን ትጠይቅ ነበር። ሰውነቷ ቀድሞውንም ደካማ ነበረ። አንድ ማታ ከባሏ ጋር ስትመለስ አየሩ እንዴት መልካም ሽታ አለው አለችው፤ እሱም ልቡ ተሰበረ፣ ይህ የጣፈጠ ሽታ የደዌው መጀመሪያ ምልክት ነው ይባል ነበርና። ኦገስት 25 ቀን 1666 አረፈች፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ የተቀበረችው በዚያን ወራት ከተለመደው ሥርዓት በተለየ ነው። ባሏ ከጥቂት ቀን በኋላ ለልጆቹ የእናታቸውን በጎነት የሚነግር ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ ለጌታውና ለደጋፊው ለሰር ጆርጅ ሳቪልም ጽፎ፣ እሱም በቅርቡ እንደሚሞት ስለ ተማመነ ሁለቱን የሙት ልጆች አደራ አለው። በዚያው ሰሞን ሎንዶንን የሚያጋይ ታላቅ እሳት ተነሣ፤ በኢም ግን ሌላ አገር ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጉልበት ያለው አልነበረም።

ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሞቱ እየቀነሰ ሄዶ ኖቬምበር ሲገባ ቆመ። ኖቬምበር 20 ቀን ሞምፐሰን በዮርክሻየር ለሚገኘው ዘመዱ ለጆን ቢልቢ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ዘመን ከተረፈው ወሬ ሁሉ ይበልጥ የታመነው ይህ ነው። ደብዳቤውን በገዛ እጁ የጻፈ እንደ ሆነ ወረቀቱን የሚቀበለው እንዳይደነግጥ፣ ቃሉን በአንድ ወዳጅ እጅ አስገልብጦ ላከ። በውስጡም መንደሩ እንደ ጎልጎታ የራስ ቅል ስፍራ መሆኑን፣ 76 ቤተ ሰቦች መጠቃታቸውንና 259 ሰዎች መሞታቸውን ነገረው። ይህን ከጻፈ በኋላ ስለ ራሱ ጤንነት ሲያወራ ነገሩ ወደ ቤት ጉዳይ ይወርዳል፤ አሽከሩ ታሞ መዳኑን፣ ሠራተኛይቱ ግን አንድ ቀንም ሳትታመም መቆየቷን እንደ ታላቅ ጸጋ ይቈጥራል፤ እሷ ብትወድቅ ልብሱን የሚያጥብለትና የሚበላውን ፈልጎ የሚያመጣለት ማግኘት ይቸግረው ነበርና። ወዲያው ሕዝቡ ከሞቱ ሰዎች የተረፈውን ልብስና አልጋ አወጣ፣ ቤቱንም በጭስ አጠነ፣ ዕቃውንም አቃጠለ። ሞምፐሰን ራሱም ለሌላው ምሳሌ ለመሆን ከቤቱ ብዙውን አቃጥሎ በላዩ ካለው ልብስ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ አስቀረ።

ከዚህ በኋላ በሁለቱ ካህናት ላይ የደረሰው ነገር ሁለት ዐይነት ነው። ቸነፈሩ እንዳለፈ አንዳንድ የአካባቢው ሰዎች፣ ምናልባትም በወረርሽኙ ጊዜ ኢምን በሩቅ ያዩ፣ ስታንሊ ሕግ ተላልፎ ይቀመጣልና ይባረር ብለው ለዴቮንሻየር ኧርል አመለከቱ። ኧርሉ ይልቁን ሰውየው ለዚያ ሕዝብ ላደረገው አገልግሎት አገር ሁሉ ሊያመሰግነው ይገባል ብሎ ክሱን ጣለው። ስታንሊም ከዚያው ሳይወጣ በ1670 አረፈ። ሞምፐሰን በ1669 ግድም ወደ ኖቲንግሃምሻየር ወደ ኢክሪንግ ደብር ተዛወረ፤ በኋላም አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። አዲሶቹ ምእመናን ግን የቸነፈሩን አገር ካህን በመንደራቸው ለማሳደር ፈሩ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ረፈርድ በተባለው ዱር በሠራው ጎጆ ተቀምጦ፣ በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆሞ ይሰብክላቸው ነበር። ፍርሃታቸው ሲለቅ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ። የሊንከን ካቴድራል ሊቀ ካህናት እንዲሆን በቀረበለት ጊዜም አልፈልግም ብሎ ሹመቱ ለሌላ እንዲሰጥ አደረገ፤ በዚሁ በኢክሪንግ ደብርም እስከ 1709፣ እስኪሞት ድረስ አገለገለ።